ይታወቅ ወይስ ይፈቀድልን?

ሰው በማለዳ ሰርዲን ሊገዛ ወጥቶ የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ክርክር ተሸክሞ ቢመለስ ምን ይባላል? እኔን የገጠመኝ ይኸው ነው። የዚህች የጨው ከተማ ሐኪም ነኝ። የቀጠረችኝ ይህን ጠረፍ የምትገዛው የራጉሳ ሪፐብሊክ ናት፤ ልጆቼን ያጠመቀችልኝ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ናት። ስለዚህ ለአንዳቸውም አላደላም። ሁለቱም እኩል አስመርረውኛል።

የቅዱስ ሎቭሮ በዓል ማግስት ነበር። ጁጎ የምንለው እርጥብ የደቡብ ነፋስ ከባሕሩ ይነፍሳል። ጁጎ ሲነፍስ ያገሬ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያለ ምክንያት ሚስቱን ይቆጣል፣ ምክር ቤቱም ስብሰባ አይቀመጥም፤ በዚህ ነፋስ የተወሰነ ነገር ኋላ ያስጸጽታል ይባላልና። እኔም ፊቴን አኮሳትሬ ወደ ወደቡ ስወርድ ከዶን ፓስኮዬ ጋር ተገናኘን። ዶን ፓስኮዬ የደብራችን አለቃና የጳጳሱ ወኪል ናቸው። ጳጳሱ ራሳቸው ብዙውን ጊዜ ራጉሳ ከተማ ስለሚቀመጡ፣ እኛ ዘንድ ቤተ ክርስቲያን ማለት እኚህ ሽማግሌ ናቸው።

«እንደምን አደሩ፣ ሐኪም?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። በዓሉ እንዴት አለፈ፣ ዶን ፓስኮዬ?»

«ኧረ ምኑን ልንገርዎ! እንደ ትናንቱ ያለ ያማረ አዘጋግ በዕድሜዬ አላየሁም።»

ስለ ቅዳሴው ወይም ስለ ዑደቱ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የሚያወሩት ስለ በር ነው። የቅዱሱ የጣት አጽም በብር ተለብጦ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በጳጳሱ ወኪል አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ ሁለተኛው ከራጉሳ በተላከው አገረ ገዥ እጅ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ቢመጣ በሩ አይከፈትም። በዓል ሲደርስ አገረ ገዥው ቁልፉን ለጸሐፊው ለሉክሻ ይሰጡታል። ሉክሻ የዶን ፓስኮዬ የእኅት ልጅ ነው። ባሕር ማዶ ፓዶቫ ሄዶ ሕግ ተምሮ ከመጣ ወዲህ ከአጎቱ ጋር በሰላም ራት በልቶ አያውቅም።

«አምና በአንድ ትንፋሽ ቀድሞኝ ቁልፉን አዞረ» አሉ ዶን ፓስኮዬ። «ጳጳሱ ሰምተው ስንት ተቆጡ! ዘንድሮ ግን ዓይኔን ከእጁ አልነቀልኩም። እሱም የኔን እጅ ያያል። እኩል ሰካን፣ እኩል አዞርን። ማንም ማንንም አልቀደመ።»

«እና ቁም ነገሩ ይሄ ነው?»

«ሌላ ምን አለ ደግሞ? የሚያናድደኝስ ያ ግንበኛ ስቲዬፖ ነው። ዕቃ ቤቱ በዓል ካልሆነ አይከፈትም ብዬ፣ ግድግዳው ረጥቧልና በሩ ክፍት ሳለ ለስነው አልኩት። ይኸው ጨረስኩ እንኳ ሳይለኝ ሹልክ ብሎ ሄደ። የዛሬ ሰው!»

ይህን እያሉ የስቲዬፖ ሚስት ዴሻ ሻርፗን ነፋስ እየነጠቃት ስትሮጥ መጣች።

«አባቴ፣ ባሌን አይተውታል? ትናንት ለሥራ እርስዎ ዘንድ እንደ ሄደ አልተመለሰም። ወንድሙ ዘንድ ጠጥቶ አድሮ ነው ብዬ ነበር። ወንድሙ ደግሞ አላየሁትም አለኝ።»

«ኧረ በሩ!» አሉ ዶን ፓስኮዬ። እኔም እሳቸውን አየሁ። ሦስታችንም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥን። ደብሩ ውስጥ ገብተን ዝም ስንል ከዕቃ ቤቱ የብረት በር ኋላ የሚያንኳኳ ሰው ሰማን። ኳኳታው ደካማ ነበር፤ የማያውቀው ሰው ደጅ እንደ ቆመ እንግዳ በትሕትና ያንኳኳል።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ስቲዬፖ ደረቱን የሚያፍነው በሽታ አለበት፤ እኔው ነኝ የማክመው። ሲያስለው ከቁም ሣጥኑ ኋላ አረፍ ብሎ እንቅልፍ ወስዶታል። ሁለቱ የተማሩ ሰዎች ደጁ ላይ ቆመው አንዱ የሌላውን እጅ ሲጠብቁ፣ ወደ ክፍሉ ዞር ብሎ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። አንድ ሞኝ ብቻውን ቢዘጋው ኖሮ ገብቶ ያይ ነበር!

«ሉክሻን ጥሩልኝ!» አሉ ዶን ፓስኮዬ። ደጅ ያገኙትን ልጅ ወደ አገረ ገዥው ቤት ላኩ። ክፉ ሰው አይደሉም። ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ቀዳዳው ውስጥ ከተቱና መጠበቅ ጀመሩ።

ሉክሻ ጥቁር ካባውን እየደረበ ደረሰ። ቁልፉን ይዟል። ገብቶ ቢከፍት ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፍም ነበር። እሱ ግን ከበሩ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለጳጳሱ ወኪል ይታወቅ! የሪፐብሊኩ አገረ ገዥ ይህ ዕቃ ቤት እንዲከፈት አዘዋል።»

ዶን ፓስኮዬ የሰኩትን ቁልፍ መልሰው ነቀሉት።

«ምን አልክ?»

«የተላክሁበትን ነው፣ አጎቴ።»

«ይታወቅ ነው ያልከው? ይፈቀድልን አይደለም፣ ይታወቅ?»

«ሰው ውስጥ አለ» አልኩ እኔ።

«አውቃለሁ፣ ሐኪም፣ አውቃለሁ። አሁኑኑ እከፍታለሁ። ግን ይህ የእግዚአብሔር ቤት ነው፤ ማንም አልፎ ሂያጅ ይታወቅ እያለ የሚያስከፍተው የወይን ጠጅ ቤት አይደለም። ይፈቀድልን ይበል፤ ያለቀ ነገር ነው።»

«ይፈቀድልን ብዬ ብመለስ ነገ ራጉሳ ድረስ ይጠሩኛል» አለ ሉክሻ። «ሪፐብሊክ በገዛ ከተማዋ ውስጥ የገዛ ሰዋን ለማውጣት ትለምናለች እንዴ? ፓዶቫ ሳለሁ መምህራችን...»

«መጣች ደግሞ ፓዶቫ! የላክንህ ሕግ ተምረህ እንድትመጣ ነበር፤ አጎትህን ደጅ እንድታስጠና አልነበረም።»

«ሕጉን ስነግርዎ እኮ ነው የሚቆጡት!»

«ጌቶቼ» አለች ዴሻ፣ «ባሌ ውስጥ ነው።»

«እናውቃለን ልጄ፣ ትንሽ ታገሺ» አሉ ሁለቱም።

ዶን ፓስኮዬ ወደኔ ዞሩ። «እርስዎ አዋቂ ሰው ነዎት፣ ይፍረዱ። በአባቴ ዘመን መንግሥት ደወላችንን ለመምታት ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። አንድ ቀን የወንበዴ መርከብ ታየና፣ ይታወቅ ብለው መቱት። ደግ አደረጉ አልን። ቀጥሎ ለጨው ሠራተኞች መጥሪያ መቱት። ዛሬ ቅዳሴ ልጀምር ስል ገመዱን ከነሱ ዘበኛ እጅ ነው የምቀበለው! ቃሏ ትንሽ ናት ይላሉ። በትንሿ ቃል ነው ደወሉ የሄደው።»

«የናንተስ?» አለ ሉክሻ። «አምና የዘይት ነጋዴውን በቢላ ወግቶ የሸሸው ሰው የት ገባ? እናንተ ደጀ ሰላም! ወታደሮቻችን ቤተ ክርስቲያን የገባ አይያዝም ተብለው ውጪ በዝናብ ሲደበደቡ እሱ በመስኮት ምላሱን ያወጣባቸው ነበር። ሲገባ ከሲታ ነበር፣ ሲወጣ ቀበቶው አልበቃውም።»

«ያ ሰው ንስሐ ገብቷል!»

«የገባው እኮ ወይን ጠጃችሁ ሲያልቅ ነው!»

እውነት ለመናገር ሁለቱም ልክ ነበሩ። ያበገነኝም ይኸው ነው። መንግሥት ባየው ክፍተት ሁሉ እጁን እንደሚያስገባ እኔም አውቃለሁ፤ ቤተ ክርስቲያንም የወንጀለኛ መደበቂያ ስትሆን አይቻለሁ። በሌላ ቀን፣ በደህና ነፋስ፣ ወንበር ተቀምጦ ቢከራከሩት ጆሮዬን ሰጥቼ እሰማቸው ነበር። አሁን ግን ከበሩ ሥር የሚመጣውን ሳል እየሰማሁ ነው።

«ሐኪም» አለ ከውስጥ የታፈነ ድምፅ። «እዚያ ነዎት?»

መሬት ላይ ተደፋሁ። «አለሁ፣ ስቲዬፖ። ደረትህ እንዴት ነው?»

«ኖራው ገብቶብኛል። አየሩም... ተስማሙ እንዴ?»

«ሊስማሙ ነው።»

«እንግዲያው ገና ብዙ ይቀራል ማለት ነው» አለና ሳሉ ቀጠለ።

ብድግ አልኩ። «ጌቶች፣ ልመናዬ ይህ ነው። ይታወቅም አትበሉ፣ ይፈቀድልንም አትበሉ። ዝም ብላችሁ ክፈቱ።»

«ዝምታማ ስምምነት ይሆናል» አሉ አጎትና የእኅት ልጅ በአንድ አፍ። ያን ቀን ጠዋት የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

«ለአገረ ገዥው ሌላ ቃል ያውጡ ብለህ ንገራቸው» አሉ ዶን ፓስኮዬ ለስለስ ብለው።

«ሌላ ቃል ለማውጣት ምክር ቤት ያስፈልጋል፣ አጎቴ። ምክር ቤቱ ደግሞ ጁጎ ካልቆመ አይቀመጥም።»

ዴሻ እስካሁን ግድግዳ ተደግፋ ትሰማ ነበር። አሁን ቀስ ብላ መጥታ በሁለቱ መካከል ቆመች።

«እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅና ዝም እላለሁ። እዚያ ውስጥ ቢሞትብኝ፣ ሬሳውን ለማስወጣት የሚባለው የትኛው ነው?»

ሉክሻ ሊመልስ አፉን ከፈተ። በእውነት መልስ ነበረው!

«አንተ አትናገር!» ብላ ጮኸችበት። «የጠየቅኳቸው እሳቸውን ነው። አባቴ፣ እርስዎ ነዎት ያጋቡን። ሬሳው የማን ነው?»

ሽማግሌው የያዙትን ቁልፍ ያገላብጡ ጀመር። ያን ጊዜ ነው አንድ ሐሳብ የመጣልኝ። በክርክር አላሸንፋቸውም፤ ዕድሜያቸውን የኖሩበት ነገር ነው። ነገር ግን ዶን ፓስኮዬ የጳጳስ ወኪል ከመሆናቸው በፊት ቄስ ናቸው።

«ዶን ፓስኮዬ» አልኩ፣ «እንደ ከተማው ሐኪም እመሰክራለሁ። ይህ ሰው ሊሞት ነው። የቀረው ሰዓት ካለም ጥቂት ነው። የምጠራዎት እንደ ጳጳሱ ወኪል አይደለም፤ እንደ ንስሐ አባቱ ነው።»

ሽማግሌው በሩ ሥር ተንበረከኩ። «ስቲዬፖ፣ ልጄ፣ ትሰማኛለህ?» አሉ። የመጣላቸው መልስ የትንፋሽ ፉጨት ብቻ ነበር። ተነሡ፤ ምንም ሳይናገሩ ቁልፋቸውን ሰክተው አዞሩት። የመጀመሪያው ቁልፍ ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

«የኔ ተከፍቷል። ያንተን ክፈት፤ የሚሞት ሰው የሚቀባውን ቅባት ይዤ እገባለሁ።»

ሉክሻ ቁልፉን እንደ ያዘ አመነታ።

«አጎቴ፣ እንግዲህ ጠያቂው እርስዎ ሆኑ ማለት ነው። በሕጉ መሠረት... እርስዎ ይፈቀድልኝ ቢሉ...»

አንገቱን ይዤ ከግድግዳው ጋር እንዳላላትመው የከለከለኝ የሕክምና መሐላዬ ብቻ ነው። ይህ ነው የተማረው! ይህ ነው ያገር ተስፋ! አጎቱን ሲወቅስበት የኖረውን በሽታ እሱም ተሸክሞት ይዞራል፤ ያውም በአዲስ ካባ።

ዶን ፓስኮዬ ግን አልተቆጡም። የእኅታቸውን ልጅ ፊት ትኩር ብለው አዩት።

«ይፈቀድልኝ፣ ልጄ» አሉ። «ይፈቀድልኝ። መንበርከክም ካለበት እንበረከካለሁ። ብቻ ክፈት።»

ሉክሻ እስከ ጆሮው ቀላ። «አጎቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለና ቁልፉን ሊሰካ ሲል ከእጁ ወደቀ። ዴሻ አንሥታ ራሷ ሰካችው፤ እሱ እጁን በእጇ ላይ አድርጎ አዞረው። በሩ ተከፈተ።

ስቲዬፖ ከውስጥ በኩል በሩን ተደግፎ ኖሮ በጀርባው ወደኛ ወደቀ። ከራስ ጠጉሩ እስከ ጫማው ኖራ ለብሷል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ተሸክመን ደጅ አወጣነው፤ ልብሱን ከፈትኩለት፣ ቀና አድርጌ አስቀመጥኩት፣ ፊቱን በውኃ አጠብኩት። ዶን ፓስኮዬ የቅባቱን ዕቃ እንደ ያዙ ከአጠገቡ ተቀምጠው ይጸልዩ ነበር። ቀስ በቀስ ትንፋሹ ተመለሰ። ዴሻ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ሰደበችው፤ ያን ጊዜ እንደሚድን አወቅሁ።

እኔና ሉክሻ የቀረ ዕቃውን ልናወጣለት ስንገባ፣ የሚለስነው ግድግዳ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አየን። በመካከሉ በስስ ሸክላ የተደፈነ አሮጌ መስኮት አለ። ሸክላውን ልስን አልነካውም። ከሥሩ መዶሻ ወድቋል። መዶሻውን ይዘን ወጣን።

«ስቲዬፖ» አልኩት፣ «ያ መስኮት ወዴት ያወጣል?»

«ወደ በለሱ ግቢ።»

«በዚህ መዶሻ አይፈርስም ነበር?»

«እንዴት አይፈርስም? ሁለት ሦስቴ ቢመቱት ይበቃዋል። ደቃቃ ሸክላ እኮ ነው።»

ዶን ፓስኮዬ ጸሎታቸውን አቋረጡ። «ታዲያ ለምን አፍርሰህ አልወጣህም፣ ልጄ?»

ስቲዬፖ ጥያቄው የገረመው መሰለ።

«በማን ፈቃድ፣ አባቴ? ግድግዳው የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ባፈርሰው ታወግዙኛላችሁ። ቁልፉ የሪፐብሊክ ነው፤ ብወጣ የዕቃ ቤት ሌባ ተብዬ ታስሩኛላችሁ። መዶሻውን አነሣሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። አውጥቼ አውርጄ፣ ከሁለታችሁ እጅ ከምገባ እዚሁ ብሞት ይሻላል አልኩ።»

ዶን ፓስኮዬ የቅባቱን ዕቃ መሬት ላይ አስቀመጡና ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ሽማግሌው ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስቲዬፖን ቤቱ አድርሰን ስንመለስ ሦስታችን ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀመጥን።

«ሐኪም» አሉኝ ዶን ፓስኮዬ፣ «እኔ መከበራችን መስሎኝ ነበር። ለካ ሰው ሲፈራን ኖሯል።»

«መፈራትም አንዳንዴ ይጠቅም ነበር፤ እዚህ ድረስ ባይሄድ። ሰውዬው እኮ እናንተን ፈርቶ መሞት መረጠ። እግዚአብሔርን እንኳ እንዲህ አይፈራም።»

«ግን ቃሉን ከለቀቅሁ ነገ ሁሉንም ይወስዱታል። ደወሉን አልነገርኩዎትም?»

«ስለ ደወሉ ይከራከሩ፤ ዕድሜ ይስጥዎት፣ እኔም አግዝዎታለሁ። ስለ ጣቱም፣ ስለ ግብሩም፣ ስለ ደጀ ሰላሙም ተከራከሩ። የሰው ትንፋሽ ግን የክርክራችሁ መያዣ አይሁን። እሱን በጋራ አስጠብቃችሁ የቀረውን እስከ ምጽአት ተሟገቱ።»

ሉክሻ ወደ አጎቱ ዞረና፣ «አጎቴ፣ ዛሬ ይፈቀድልኝ ሲሉ ከቤተ ክርስቲያን ምን ጎደለ?» ሲል ጠየቀ።

«ምንም» አሉ ዶን ፓስኮዬ። «እንዲያውም ከኖርኩት ዘመን ሁሉ ቄስ የሆንኩት ያን ጊዜ መሰለኝ። ያንተ መንግሥትስ ቁልፉ ሲወድቅ ምን ጎደለበት?»

«እኔ ነኝ የጎደልኩት» አለ ሉክሻ።

እነሆ እዚያው ተቀምጠን ተስማማን። ዕቃ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ሁለቱም ገብተው ከቁም ሣጥኑ ኋላ ሳይቀር ያያሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጣራሉ። ከውስጥ የሰው ድምፅ የሰማ ባለቁልፍ ወዲያው ያዞራል፤ ሁለተኛው ሳይጠይቅ ይከተላል፤ ቃሉን ከፈለጉ ሰውየው ከወጣ በኋላ ይበሉት። አሮጌው መስኮትም ተከፍቶ ከውስጥ የሚነሣ የብረት ፍርግርግ ይደረግበታል።

ጳጳሱ ለዶን ፓስኮዬ ከባድ ቁጣ ላኩባቸው፤ አገረ ገዥውም ሉክሻን ለሰሚ በማይመች ቃል ሰደቡት። ሁለቱም ተሸከሙት፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት ስለተሰደቡ ራት አብረው ይበሉ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ያየነውን ጥቅም ማንም ይመስክር። መስኮቱ ስለተከፈተ ግድግዳው ደረቀ፤ በየዓመቱ የሚጠቁረው የቅዱሱ ብር ነጭ እንደ ሆነ ሰነበተ። ለልስኑ ግንበኛ መጥራትም ቀረ። ሕዝቡም፣ ይህ ነው ዋናው፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከአገረ ገዥው ደጅ ሲያልፍ አንገቱን መድፋት ተወ። ደወሉን በተመለከተ ግን አሁንም ይጣላሉ፤ ደግ ያድርጉ።

በሚቀጥለው ዓመት የቅዱስ ሎቭሮ ዕለት ዑደቱ ሲያልቅ ዶን ፓስኮዬ ዕቃ ቤት ገቡና «ሰው አለ?» ብለው ተጣሩ። ሕዝቡ ሳቀ። ሉክሻም ተከትሎ ገብቶ «ሰው አለ?» አለ። ወጥተው ቁልፋቸውን ሊሰኩ ሲሉ ዴሻ ከሴቶቹ መካከል ወጣችና፣ ሁለቱን በክርኗ ገፋ አድርጋ ገባች። ቁም ሣጥኑን ዞረች፣ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ አየች፣ መስኮቱን ነካ አደረገችው፣ ከዚያ ረጋ ብላ ወጣች። በማን ፈቃድ እንደ ገባች የጠየቃት ሰው አልነበረም።